የባለ ሜዳይ መኮንን ካርቱን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ፣ ጣልያን ከሠራቸው አሮጌ ሕንጻዎች በአንዱ፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ሆኜ ፊት እሥላለሁ። ሙሽራ ይመጣል፣ ተመራቂ ይመጣል፣ ጡረታ የወጣ መምህር ይመጣል። ጥያቄ የሚበዛበት ግን አንድ ዓይነት ሥራ ነው። በጦርነት የተሸለሙ የጦር መኮንኖች ካሪካቸር። አብዛኛው ደንበኛዬ የልጅ ልጅ ነው። የአያቱን አሮጌ ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ ይገባል፤ ካሳየኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በር በሩን እያየ፣ "ነውር አይሆንም?" ይለኛል። አንድ መልስ በቀን አራት ጊዜ ከመደጋገም ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ።

ካሪካቸር ማለት ካርቱን ማለት ነው?

ሰው ሁሉ ካርቱን ይለዋል፤ እኔም በር ላይ የለጠፍኩት "ካርቱን እንሠራለን" የሚል ነው። በጥብቅ ከታየ ግን ይለያል። ካርቱን የሌለ ሰው፣ የሌለ እንስሳ ሊሆን ይችላል። ካሪካቸር የታወቀ ሰው ፊት ነው፤ ጎረቤት በመስኮት አይቶት "ውይ፣ እሳቸው!" ካላለ ገንዘባችሁን መልሱ በሉኝ። ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ነው። "ካሪካሬ" ማለት መጫን ነው፤ አህያ ላይ እንደሚጫነው። ጎላ ያለውን አፍንጫ ትንሽ ትጭኑበታላችሁ፣ የሰፋውን ግንባር ትጭኑበታላችሁ።

የሥራው ሁሉ ጣጣ ጭነቱ የት ይዋል የሚለው ነው። እኔ ፊት ላይ እጭናለሁ። ደረት ላይ ምንም አልጭንም። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ከዚች ነገር የሚመዘዝ ነው።

መኮንንን እንዲህ አድርጎ መሣል ድፍረት አይሆንም?

ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። አይፈረድበትም። ጎንደር ነን፤ ለአባትም ለእናትም "አንቱ" ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ የአያቱን ጆሮ አስፍቶ ሳሎን ሲሰቅል ቢሸማቀቅ ምን ይገርማል።

ግን እስቲ አዝማሪን አስቡት። ከፊታችሁ ቆሞ፣ ማሲንቆውን እየገዘገዘ፣ ስለ ቦርጫችሁ ይገጥማል። ቤቱ ይስቃል። እናንተም ትስቃላችሁ፤ ብር አውጥታችሁ ግንባሩ ላይ ትለጥፉለታላችሁ። ሰደበን ብሎ የከሰሰው ሰው አላጋጠመኝም። አዝማሪ የሚነካው የምትታወቁበትን ነገር ስለሆነ ነው። ቦርጭ የሌለውን ሰው ቦርጫም ቢለው ግን ቤቱ ዝም ይላል።

ፈረንጆቹም ጋ ነገሩ ሁለት መልክ ነበረው። ቫኒቲ ፌር የተባለው የለንደን ሳምንታዊ መጽሔት ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአርባ ዓመት ከዚያም በላይ የታዋቂ ሰዎችን ካሪካቸር በቀለም ያወጣ ነበር። ጄኔራሎቹ ወረፋ የያዙ ይመስል ተራ በተራ ወጥተውበታል። መቅደላ ድረስ ጦር ይዞ የመጣው ናፒየርም አንዱ ነው። እዚያ መውጣት እንደ ክብር ይቆጠር ነበር። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዶሚዬ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ሁሉን የሚውጥ ሆዳም ግዙፍ አድርጎ ስለሣለው በ1832 እ.ኤ.አ. ወህኒ ወርዷል። እርሳሱ ያው እርሳስ ነው፤ ልዩነቱ የተጫነው ነገር ነው።

የሜዳይ ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የኡጋንዳውን ኢዲ አሚንን የሣሉ ካርቱኒስቶች ሜዳዩን እያበዙ ደረቱን እንደ ሱቅ መስኮት አድርገውታል። ልክ ናቸው። ሰውየው ለራሱ እየሸለመ የደረደረው ስለነበር ቀልዱ ያለው እዚያው ደረቱ ላይ ነው። የእናንተን አያት ግን ሌላ ሰው ነው አይቶ የሸለማቸው። የእሳቸውን ሜዳይ ጎትቼ እስከ ጉልበት ባወርደው "ውሸት ነው" እንዳልኩ ይቆጠራል። ስለዚህ እኔ ጋ አፍንጫ ይረዝማል፣ ሪዝ ይወፍራል፣ ጆሮ ይሰፋል። ሜዳይ ባለበት ይቀመጣል።

ከጎን ለምን አትሥላቸውም? ፖስተር ላይ ያምራል እኮ።

ሥራ ስጀምር ሥዬ ነበር። አንድ የመቶ አለቃ። አፍንጫቸው ከጎን ሲታይ እንደ ንስር ነው፤ እንዴት ልለፈው? የልጅ ልጃቸው ወዶት ወሰደ። በሦስተኛው ቀን ሚስትየው፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ፣ ሥዕሉን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። "ልጄ፣ ምን በደለህና ነው ባንድ ዓይን ያስቀረኸው?" አሉኝ። በቃ፣ ሌላ አልጨመሩም።

እማማ የተናገሩት የአገራችንን የሥዕል ሕግ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቁና ቅዱሱ ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰይጣኑ፣ ይሁዳ፣ አሳዳጁ ወታደር ከጎን፣ ባንድ ዓይን ነው። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን ሥዕሎች ልብ ብላችሁ እዩ። የእኛ ጦር ሁለት ዓይን አለው፤ ጣልያኖቹ ከጎን ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ጠላትን ከወገን የሚለየው በዚህ ነበር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ካያችሁት ነገሩ ይገባችኋል። የኪሩቤል ፊቶች በረድፍ በረድፍ፣ ዓይናቸው ጎላ ብሎ፣ ሁሉም ወደ ታች ወደ እናንተ ያያሉ። ከሩቅ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንገታችሁ እስኪያማችሁ ስታዩ ግን ያንዱ ቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ የሌላው አፍ ጠበብ ብሏል። በሁለት መስመር ልዩነት ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ ካሪካቸር የተማርኩት ከዚያ ጣሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንግዲህ ማጋነን ሥራዬ ነው።

የመቶ አለቃውን ፊት ለፊት አድርጌ ደግሜ ሣልኩ። ገንዘብ አልተቀበልኩም። አፍንጫው ፊት ለፊት ሲሆን አስቸገረኝ፤ ጥላውን አስረዝሜ ከንፈራቸው ላይ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ከጎን አልሠራም። ሦስት አራተኛ ዞር ያለ፣ ሁለቱም ዓይን የሚታይ ከሆነ ግን ደስ ይለኛል።

ምን ዓይነት ፎቶ ላምጣ?

ሦስት ቢሆን ደህና ነው። አንዱ ወታደራዊ ልብስ የለበሱበት፣ ሜዳዩ የሚታይ። አንዱ ባዶ ራሳቸውን የሆኑበት፤ ኮፍያ ግንባርን ይበላል፣ ጆሮንም ያዛባል። ሦስተኛው ደግሞ ሳያውቁ የተነሱት። ቡና ሲጠጡ፣ ሲስቁ፣ ሲቆጡ። ፎቶ ቤት የተነሳ መኮንን እንደ ሐውልት ነው፤ ትንፋሹን ይዞ ነው የቆመው። እኔ የምፈልገው ልጅ ሲያስቸግራቸው የሚያሳዩትን ፊት ነው።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩልኝ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ሜዳዩ የተፈጨ በርበሬ ይመስላል። የወረቀት ፎቶን ፎቶ ስታነሱ ደግሞ መስኮት ዳር፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ከበላዩ ቀጥ ብላችሁ አንሱ። ከፍሬሙ አውጡት፤ መስታወቱ ውስጥ የእናንተ ስልክ እየታየ አያቴን ሣልልኝ ማለት አይቻልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በስልክ የፊት ካሜራ የተነሳ ሰልፊ አንዳንዴ ግራና ቀኙ ተገላብጦ ይቀመጣል። ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ ጉድ ሆኛለሁ። አንድ ልጅ ከሻምበል አያቱ ጋር በበዓል ቀን የተነሳውን ሰልፊ ላከልኝ። ሜዳዮቹን አንድ በአንድ፣ ፎቶው ላይ እንዳሉት ሠራሁ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። ሻምበል ሥዕሉን ተቀብለው ፊታቸውን ሳያዩ ደረታቸውን አዩ፤ ከዚያ የራሳቸውን እጅ ወደ ግራ ደረታቸው አስጠጉ። "ልቤን ወዴት ወሰድከው?" አሉኝ። ሜዳዮቹ በሙሉ ቀኝ ደረት ላይ ነበሩ። ቅደም ተከተላቸውም ተገልብጧል። ያን ጊዜ የት ልግባ!

አሁን መጀመሪያ የማየው ቁልፉን ነው። የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ይደርባል። የስም ታርጋ ካለ ፊደሉን አነባለሁ። ከተገለበጠ መልሼ እገለብጠዋለሁ።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ሜዳዩ የሚንጠለጠልበትን ሪባን ቀለም ከምኑ ታውቃለህ?

ከፎቶው አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። እንዲያውም አሮጌ ፎቶ ይዋሻል። ድሮ በብዛት ይሠራበት የነበረ አንድ ዓይነት ፊልም ቀይ ብርሃን አይሰማውም ነበር። ቀዩን ጥቁር፣ ሰማያዊውን ነጣ አድርጎ ያሳያል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሪባን በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ስታዩት ቀዩ ጥላሸት ነው። "ጥቁር ነገር አለው" ብሎ ጥቁር የቀባ ሰው ተሳሳተ ማለት ነው።

ሜዳዩ ራሱ ቤት ካለ አምጡት፤ ወይም በቀን ብርሃን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ብዙ ቤት ውስጥ እቃ ሳጥን ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ሪባኑ ደብዝዞ ከሆነ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። ፀሐይ ያላገኘው ጎን የቀድሞ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ምንም ከሌለ ሥዕሉን በሙሉ በጥቁር ቀለም ብቻ እሠራዋለሁ። ያምራል፤ አይዋሽምም።

አያቴ ኮሪያ ዘምተዋል። የተለየ ጥንቃቄ አለው?

አለው፤ ስወደው! ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የሄደው በ1943 ዓ.ም. ነው። ስሙ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። እዚያ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ተዋጋ። የዚያ ክፍለ ጦር ምልክት ቀይ ክብ ውስጥ ያለ ጥቁር ቅርጽ ነው፤ ሁለት ሰባት ቁጥር ተገጣጥመው የአሸዋ ሰዓት መስለዋል። በአያታችሁ ትከሻ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ንገሩኝ። አንዲት ልጅ "ቢራቢሮ ነው መሰለኝ" ብላኛለች።

የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠው ሜዳይ ነሐስ ነው፤ ስፋቱ ወደ 3 ሴንቲ ተኩል። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ እንደየ ዘማቹ አገር ቋንቋ ነው የተቀረጸው፤ ለእኛዎቹ በአማርኛ። መጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ ገልብጬ ሳየው ክው ብዬ ቀረሁ። ፈረንጅ ያዘጋጀው ነሐስ ላይ ፊደላችን። በሥዕል ጀርባው አይታይም፤ ግን ይህን ካወቁ በኋላ ፊቱንም በግዴለሽነት መሣል አይቻልም።

ሪባኑ 17 መስመር አለው። 9 ሰማያዊ፣ 8 ነጭ፣ እየተፈራረቁ። አሥራ አምስት ብሠራ ማን ይቆጥረዋል ትላላችሁ? ባለቤቱ ይቆጥረዋል።

ካሪካቸር ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ሰውነቱ ትንሽ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ሜዳይ የት ታደርገዋለህ?

ይህ የጠየቃችሁኝ ነገር ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው።

የቆመ ሰው ቁመት የጭንቅላቱን ሰባት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። በካሪካቸር ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴ ሁለት ተኩል ይሆናል። ደረቱ ይጠፋል ማለት ነው። ሠርገኛ ሲሆን ችግር የለም፤ ከረባት ታደርጋለህ፣ አለቀ። ኮሎኔል ሲሆን ግን ደረቱ ታሪኩ ነው። ስምንት ሜዳይ የቴምብር ስፋት ያለው ደረት ላይ ብትደፋ የተበተነ ሽምብራ ይመስላል።

ስለዚህ ሌላ ሠዓሊ ከዓይን ይጀምር እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ከሪባን እጀምራለሁ። ሒሳቡ ይህ ነው። በጣም ቀጭኑ ብዕሬ 0.2 ሚሊሜትር መስመር ያወጣል። 9 ሰማያዊ መስመር በመካከላቸው 8 ነጭ ክፍተት ትቼ ስሠራ የግድ 3.4 ሚሊሜትር ይወስዳል። ያ ከፍተኛው ጥበት ነው፤ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሰማያዊው ይፈስና አንድ ጭረት ይሆናል። ስለዚህ ሪባኑን 7 ሚሊሜትር አደርገዋለሁ። ሪባኑ 7 ሲሆን ሜዳዩም ልኩ ታወቀ፤ የስምንቱም ልክ ታወቀ። እነሱ የሚያርፉበት ደረት 8 ሴንቲ ያህል ይሆናል። ከዚያ ነው ራሱን የማሰላው፤ 14 ሴንቲ። ቁመቱን የራሱ ሁለት ተኩል እጥፍ ሳደርገው ይህ ሁሉ በኤ ስሪ ወረቀት ላይ በደንብ ይቀመጣል። በኤ ፎር ሥራልኝ የምትሉኝ ለዚህ ነው እምቢ የምላችሁ።

ደረቱን በስፋት እለቀዋለሁ፤ የማሳጥረው ወገቡንና እግሩን ነው። ሱሪው አጭር፣ ጫማው ትልቅ። ጫማ ላይ መጫን ይፈቀዳል፤ ያበራ የነበረ የወታደር ጫማ አጋንኖ ቢያበራ ማን ይከፋዋል? ሜዳዮቹ እርስ በርስ ያላቸው መጠን ግን እንደ እውነቱ ነው። ኒሻኑ ከሜዳዩ ከበለጠ በዚያው ልክ ይበልጣል። ቅደም ተከተሉም እንደ ተሰካው ነው። የትኛው እንደሚቀድም ደንብ አለው፤ እኔ ከራሴ አላስተካክልም።

አንድ ሁለት ሜዳይ ብትጨምርላቸውስ? ይገባቸው ነበር እኮ።

አይሆንም።

ይገባቸው እንደነበር አምናለሁ። ግን አይሆንም። ማዕረግም አልጨምርም። ሻለቃ ሆነው ጡረታ የወጡትን ኮሎኔል አድርግልኝ የሚል ሰው በዓመት ሁለት ሦስቴ አይጠፋም። ሳሎን የገባ የጦር ጓደኛቸው መጀመሪያ የሚያየው ትከሻቸውን ነው።

የዘመኑንም ነገር አደራ። በንጉሡ ጊዜ ምልክቱ ላይ ዘውድ አለ፤ በደርግ ጊዜ ዘውዱ ወርዷል። በሁለቱም ዘመን ያገለገሉ ከሆነ የትኛውን ልብስ ይልበሱ የሚለውን ቤተሰብ ተመካክሮ ይንገረኝ። አንዴ ሁለት ወንድማማቾች እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ሊጣሉብኝ ነበር። በመጨረሻ አባትየው ተደወለላቸው። "የቀጠነውን ጊዜ ሥሩት" አሉ።

ጠባሳ ወይም የተቆረጠ እጅ ካለስ?

ጠባሳው ይሣላል፤ በልኩ። አላጎላውም፣ አልደብቀውም። በጦርነት የጎደለ አካል ላይ ምንም አልጭንም። ባለቤቱ ራሱ ቀልዶበት "ጣቴን ያስቀረሁባትን ኮረብታ ከኋላ ሣልልኝ" ካለ ግን የእሱ ፈቃድ ነው። ያለኝ ሰው አለ። ሥየለታለሁም።

የእኛ አያት አርበኛ ነበሩ። ዩኒፎርም የላቸውም፤ ይሆናል?

ኧረ እንዴት አይሆንም! እንዲያውም ለእኔ ቀላሉ ይህ ነው፤ ራሳቸው የተጫኑ ናቸውና። ጸጉራቸውን በዱር በገደሉ አሳድገውታል። ጎፈሬው ከትከሻ ይሰፋል። በበዓል ቀን ደግሞ የአንበሳ ጎፈር፣ ካባ፣ ጋሻ፣ በካኪው ላይ የአርበኝነት ሜዳይ። የሚቀረኝ መቀነስ ነው።

ጎንደር ውስጥ የዚህ ታሪክ ምድር ሩቅ አይደለም። ጣልያን በምሥራቅ አፍሪካ የያዘው የመጨረሻ ምሽግ የወደቀው እዚሁ ነው፤ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ቁልቋል በር ላይ የነበረው ምሽጋቸው ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ወድቋል። እንግሊዝ ነው የገባው ብሎ የሚተርክ አለ፤ አርበኛውም አብሮ ተዋግቷል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነውና ጎንደር ስድስት ወር ከዚያ በላይ ዘግይታ ነው ነጻ የወጣችው። አያቶቻችን ሚያዝያ 27ን ሲያከብሩ "የእኛ ገና ነበር" የሚሉት ለዚህ ነው።

ለአርበኛ ሥዕል ከሥሩ የፈረስ ስም ወይም ቅጽል ስም እጽፋለሁ። ከስም በላይ ፊት የሚሠራ እሱ ነው። የዚህን አገር አርበኛ ደጃዝማች ውብነህ ተሰማን ሕዝቡ "አሞራው" ይላቸው ነበር። አሞራው ተብሎ የሚጠራን ሰው ለመሣል ሠዓሊ ብዙ ማሰብ አለበት? ሕዝቡ ካሪካቸሩን በአንድ ቃል ጨርሶታል። የአያታችሁ የፈረስ ስም ምን እንደሆነ ጠይቁ። ካልታወቀ ሲፎክሩ ምን ይሉ እንደነበር ጠይቁ፤ ትልቅ እናት ካለች ታስታውሳለች።

የሞቱ ሰው ይሣላሉ?

ይሣላሉ። ለለቅሶ ግን አልሠራም፤ ለአርባም አልሠራም። ሐዘኑ ትኩስ እያለ ያን የሚያስቅ ፊት ያየች ሚስት ምን እንደሚሰማት አልታወቀኝም፤ ልሞክረውም አልፈልግም። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ኑ። ያኔ ቤተሰቡ እሳቸውን እያነሳ መሳቅ ጀምሯል። ታሪክ ይነግሩኛል፤ እንዴት እንደሚያስነጥሱ ሳይቀር። ከፎቶ ይልቅ ከዚያ ነው የምሣለው።

በቅርቡ ጦርነት የተሸለመ ዘመዴን ሣልልኝ።

ራሱ መጥቶ ከፊቴ ከተቀመጠና "ሣለኝ" ካለ እሠራለሁ። በዘመድ ትእዛዝ፣ ለሰርፕራይዝ ተብሎ፣ አልቀበልም። አሁንም በሥራ ላይ ያለ መኮንን ከሆነም እንዲሁ ነው። ለምን እንደሆነ እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ኤአይ በሁለት ደቂቃ በነጻ ይሠራው የለ እንዴ?

ይሠራል። ፊቱን አንዳንዴ ከእኔ የተሻለ ያገኘዋል፤ አልዋሽም። አንድ ወጣት እንዲህ የተሠራ የአያቱን ምስል አሳየኝ፤ ፊታቸው ቁርጥ እሳቸውን ነው። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን አጉልተን ደረታቸውን አየን። ሰባት ሜዳይ አሥራ አንድ ሆኗል። አንዱ ሜዳይ ከሪባኑ ጋር ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተጎትቷል። አንዱ ላይ ፊደል የሚመስል ነገር አለ፤ በየትኛውም ቋንቋ አይነበብም። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ "ለፕሮፋይል ይሆነኛል፣ ለሳሎኑ አንተ ሥራው" አለኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ስንት ቀን ይፈጃል? ዋጋውስ?

ፊት ብቻ ሁለት ቀን። ከነደረቱ እንደ ሜዳዩ ብዛት ከአምስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት። ለሚያዝያ 27 የሚፈልግ ቀደም ብሎ ይዘዝ። በጥምቀት ሰሞን አትምጡብኝ፤ ከተማው እንግዳ ነው፣ እኔም አደባባይ ላይ ቱሪስት እሥላለሁ።

ዋጋው በወረቀቱ መጠን ነው፤ ቀብድ ግማሽ። በሜዳይ ቁጥር አላስከፍልም። "ሁለቱን ተወውና ቀንስልኝ" ያለኝ ሰው ስላለ ነው ይህን መጻፍ ያስፈለገኝ።

የት ልስቀለው?

የውሃ ቀለም ስለሆነ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይሁን፤ ቀዩ ቀድሞ ይሸሻል። ዕጣን የሚጨስበት ጥግም ላይ አይሁን። ከመስታወቱ ጋር እንዳይጣበቅ ፍሬም ሠሪው በመካከል ወፍራም ካርቶን ያስገባ። ይህን ሳያደርግ ከቀረ በሁለተኛው ክረምት እርጥበቱ አያታችሁን መስታወት ላይ ይለጥፋቸዋል።

ስረከብ ምን ልይ?

ፍሬም ሳይገባ ኑና እዩት። ፊቱን ተዉት፤ ፊቱ ካልመሰለ ከበር ላይ ሆናችሁም ታውቁታላችሁ። ሜዳዩን ቁጠሩ። ከተቻለ ባለቤቱን ስልክ ላይ አድርጓቸው። ባለፈው አንዲት ልጅ ደባርቅ ላሉት አያቷ ደውላ ስፒከር ላይ አደረገቻቸው። እሷ ከግራ ወደ ቀኝ እያየች ቀለሙን ትናገራለች፤ እሳቸው ከዚያ ማዶ የእያንዳንዱን ስም ይጠራሉ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "እሱ ትንሽ ተጣሞ ነው የሚሰቀለው፤ መርፌው ከተሰበረ ቆይቷል" አሉ። ወረቀቱን አየሁት። ቀጥ አድርጌ ሥዬዋለሁ። ብዕሬን አነሳሁና "አባባ፣ ወደ የትኛው ጎን ነው የሚያዘነብለው?" አልኳቸው።